ሳህኑን የምትበላ ላም

የወንድሜ ልጅ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደወለ። መስቀል ሲቃረብ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚል ጉራጌ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። «መቼ ትመጣላችሁ? ለበሬው ስንት ታዋጣለህ? ቅቤ ዘንድሮ አይቀመስም» ነው። እኔም መዋጮዬን በልቤ እየቆጠርኩ አነሳሁት።

«አጎቴ፣ ዘንድሮ አባባ ማሳ ላይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ልናዘጋጅ ነው» አለኝ።

«ማሳው ላይ? ገብሱስ?»

«ስለ ገብሱ አንተ ታናግርልናለህ ብለን ነው።»

ልጁ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመረቀ፣ ዛፍ ሲቆረጥ ጥርሱን የሚያመው ዓይነት ነው። ሐሳቡ ትንሽ፣ የሰፈር፣ ደግሞም «ኢኮ ፍሬንድሊ» የሆነ ድግስ ነበር። ላስቲክ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ ተበልቶበት የሚጣል ሳህን የለም። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ ወንድሜን ማናገሩ ነው። ታላቄ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ለስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ስለኖረ፣ ዛሬም ድረስ ከሦስት በላይ ሰው ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ ካየ መንገድ ይቀይራል።

አረቅጥን ለማያውቅ አንባቢ፦ የጉመር ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወልቂጤ የደረሰ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ከሆነ መልሶ ይልበስ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋ ነው። እንሰት፣ ገብስ፣ ድንችና ጉም የሚበቅልባት አገር ናት። አረቅጥ ላይ ጃኬት የሚወልቀው ለመኝታ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ኮሚቴው የተቋቋመው ግን አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ በሚገኝ አንድ ክትፎ ቤት ነው። ዘጠኝ ሆነን ተሰበሰብን። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ ንብረት ያዥና ሕዝብ ግንኙነት ከተመረጡ በኋላ ሁለት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንደኛው ክትፎውን መብላት ሲያቆም ነገሩ እንደከፋው ገባን። ለእሱ «የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ» የሚል ወንበር ተፈጠረለትና መብላቱን ቀጠለ። የቀረው የወንድሜ ልጅ ነበር። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ምክትል ሆነ።

በኮሚቴ አትሳቁብን። አዲስ አበባ የገባ ጉራጌ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ከሱቅና ከሊስትሮ ሳጥን በተዋጣ ገንዘብ ወደ አገሩ መንገድ ያስወጣ ሕዝብ ነው። መዋጮ እናውቃለን። የማናውቀው ለዘፈን ማዋጣትን ነው። ገንዘብ ያዡ 14,000 ብር እንደተሰበሰበ ባስታወቀ ጊዜ የመጀመሪያው የሙዚቀኛ ጥቆማ ቀረበ፦ ማሕሙድ አሕመድ።

«ማሕሙድ እኮ በ2017 ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። መድረክ ተሰናብቷል» አለ ጸሐፊው።

«አዲስ አበባን ነው የተሰናበተው» አለ ሰብሳቢው። «አረቅጥን መቼ ተሰናበተ?»

ጉዳዩ በይደር ታለፈ። ከዚያ «ኢኮ ፍሬንድሊ» በአማርኛ ምን እንበለው በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። «ለአካባቢ ተስማሚ» የቢሮ ደብዳቤ ሆነብን። «የአካባቢ ወዳጅ» ሲባል ደግሞ አንዱ የሰፈር ጠብደል መሰለን። በመጨረሻ «አረንጓዴ ፌስቲቫል» ተብሎ ጸደቀ። በዕድሜ የገፉት የኮሚቴው አባል ብቻ ተቃውሞ አስመዘገቡ። «መስከረም ላይ አረቅጥ ቀይ የሆነ ምን ነገር አይታችሁ ነው አረንጓዴ የምትሉት?»

ጋሼን ያናገርኩት በስልክ አይደለም። ሄጄ፣ ገብሱ ዳር አብሬው ቆሜ ነው። ንግግራችን በጉራጊኛ ስለነበር በአማርኛ ስጽፈው ጨው የቀነሰ ይመስለኛል፤ አንባቢ ይጨምርበት። ልጁ ከበይነ መረብ ለቃቅሞ ያስጠናኝን ታሪክ ጀመርኩለት። እንግሊዝ አገር ፒልተን የሚባል መንደር አለ፤ እዚያ ማይክል ኢቪስ የሚባል ላም አርቢ በፈረንጆቹ 1970 በገዛ እርሻው ላይ ሙዚቃ አሰማ። መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፤ ለመጣው ሰው ከላሞቹ ወተት በነፃ ይሰጥ ነበር። 1,500 ያህል ሰው መጣ። ዛሬ ግላስተንበሪ ተብሎ ዓለም ያውቀዋል።

ጋሼ ዝም ብሎ ሰማና «ለ1,500 ሰው ወተት?» አለ። «ስንት ላም ነበረው?»

የላሞቹን ቁጥር አላጠናሁም። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ተሻገርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ማክስ ያስገር የተባለ ሌላ ወተት ሻጭ ገበሬ ማሳውን ለውድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል አከራየ፤ ከ400,000 በላይ ሰው ጎረፈ አልኩት። በሰው ብዛት ይደነቃል ብዬ ነበር።

«የሰውየው አጥር ምን ሆነ?» አለኝ።

ይኼ ጥያቄ ስለ ውድስቶክ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይበልጣል። ያስገርን ጎረቤቶቹ ንብረታችን ወደመ ብለው ከሰውታል፤ የእሱ እርሻ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጎድቶ ዓመት ካለፈ በኋላ 50,000 ዶላር ካሳ ተቀብሏል። ይህንን ለጋሼ መናገር አልነበረብኝም። ተናገርኩ። ገብሱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ገብሱን አየ። መስከረም ላይ የደጋ ገብስ ገና ማሳ ላይ ነው፤ የሚታጨደው ወር ከቆየ በኋላ ነው። የፈረንጅ ገበሬ በበጋው ሣር ላይ ሰው ያስጨፍራል፤ የእኛ ድግስ የሚውለው ገብሱ ራሱ ነፋስ እየመታው በሚጨፍርበት ወር ነው። ከተሜ መሆኔን የዚያን ቀን አወቅኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልቡን ነካው። የግላስተንበሪ ባለ እርሻ በየጥቂት ዓመቱ ፌስቲቫሉን አንድ ዓመት ይዘልለዋል፤ ሣሩ እንዲያገግም፣ ላሞቹም እፎይ እንዲሉ ነው ስለው ቀና አለ። «ጦም ያሳድሩታል እንዴ?» አለ። «እንግዲያው ገበሬ ናቸው።» ማሳውን ግን አልሰጠንም። «ጀፎረ እያለ ማሳ የሚጠይቅ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ተምሯል» ብሎ ዘጋው።

ልክ ነበር። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ቤቶች ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ ሰጥተው ይቆማሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ማሳው ይከተላል። ጀፎረ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሠርግ ያልፍበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ደመራ ይበራበታል። ሣሩን የሚያጭደው የከብት ጥርስ ነው፤ ማዳበሪያውም በዚያው ይከፈላል። አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባል የራሱ ሕግ አለው። እርግጥ ነው ዛሬ ዛሬ አጥር ማታ ማታ የሚራመድባቸው መንደሮች አሉ። የጋሼ አጥርም ካለፈው መስቀል ወዲህ ግማሽ እርምጃ ያህል የሄደች መሰለኝ፤ ማሳውን ስለከለከለኝ ይሆናል የታየኝ።

በጀፎረው ተስማማንና ቀኑን መስከረም 18 አደረግነው። በ14 ደንጌሳት የሚባለው ቀን፣ በ15 ወኸምያ የሚባለው የእርዱ ቀን፣ ከዚያ ደመራው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ክትፎ ጠግቦ፣ የመርካቶው ሁሉ ሳይመለስ፣ ለመሳቅ የሚፈልግበት ቀን ነው። ይህን ያህል አስበናል።

ያላሰብነው ሳህኑን ነው። ማለት በጣም አስበንበታል። አካባቢ ጥበቃ ኃላፊው አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የተሠራ፣ ራሱን በራሱ አፈር የሚያደርግ ሳህን አገኘሁ ብሎ የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ መጣ። ለ400 ሰው የተጠየቀው ገንዘብ በሬ ይገዛል። ወረቀቱን አረቅጥ ይዘን ሄደን የወንድሜ ሚስት ፊት ስናነበው፣ ክትፎ እየቀመመች ስለነበር ቢላዋዋን አስቀምጣ አዳመጠችን።

«ሳህኑ በስንት ጊዜ ይበሰብሳል?» አለች።

«በሦስት ወር ውስጥ፣ እትዬ» አለ ኃላፊው በኩራት።

ተነሥታ በጓሮ ወጣች። አንድ ኮባ ገንጥላ ተመለሰች፤ ቁመቱ ከኃላፊው ይበልጣል። እሳት ላይ ለብ አድርጋ፣ አለስልሳ፣ በቢላዋ ስድስት ቦታ ከፋፈለችው። ከዚያ አንዱን ቁራጭ በር ላይ ለቆመችው ላም ወረወረችላት። ላሟ ሁለቴ አኘከች፤ ሳህኑ አለቀ።

የዋጋ ማቅረቢያው ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ስለ እንሰት ትንሽ ካላወራሁ ጉመር እንዳልተወለድኩ ይቆጠርብኛል። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ነገር ግን ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብ ቢጠፋም፣ ልጅ ቢወለድም፣ እንግዳ ቢመጣም ጓሮ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በእሱ ይኖራል ይባላል። ቆጮው ይበላል፣ ቡላው ለአራስና ለእንግዳ ይሆናል፣ አሚቾው ይቀቀላል፣ ቃጫው ገመድ ይወጣዋል፣ ቅጠሉ ምንጣፍ፣ ክዳን፣ ጃንጥላ፣ መጠቅለያ ነው። ቆጮው ራሱ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነው። የተረፈው ወደ ላሟ፣ የላሟ ደግሞ ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። ልጁ ለዚህ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው። እትዬ ስም አላወጣችለትም፤ ጊዜ የላትም።

ይሁንና እትዬን የላስቲክ ጠላት አድርጎ የሚስልብኝ ሰው ቢኖር እጣላዋለሁ። ውኃ የምትቀዳው በቢጫ ጀሪካን ነው። እናቴ በእንስራ ነበር፤ እንስራው ባዶውን እንኳ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ሲሰበር ደግሞ ውኃውም ሸክላውም አብሮ ይሄዳል። አንድ የኮሚቴያችን አባል «ለፌስቲቫሉ ቀን ጀሪካን ተደብቆ እንስራ ቢወጣ ለፎቶ ያምራል» ብሎ ነበር። እትዬ «አንተ ትሸከማለህ?» አለችው። ሐሳቡን በራሱ ፈቃድ ሳበ።

ከሁሉም የከበደው ሽንት ቤት ነበር። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የሜዳ ፌስቲቫል የሚለካው በዘፋኙ ሳይሆን በሽንት ቤቱ ነው ይላል ልጁ። እኛ ጉድጓድ ቆፍረን በቆርቆሮ ልናጥር ስንል የመንደሩ ሰው አልፈቀደም። «በመስቀል እንግዳችንን ሜዳ ላይ? ነውር ነው! በየቤታችን ይግቡ» ተባለ። ውኃም ቦታም ቆጠበልን፤ ልጁ ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ያልገመትነው ነገር ቢኖር በመስቀል ሰሞን የጉራጌ ቤት የገባ እንግዳ ቆጮ ሳይቀምስ እንደማይወጣ ነው። አንድ ሰው ለአምስት ደቂቃ ብሎ ከመድረኩ ፊት ይነሣል። ቤት ይገባል፣ ይወጣል፣ እጁን ይታጠባል። እጁን መታጠቡ ነው ስህተቱ፤ የታጠበ እጅ ያዩ እናት ጣባውን ያቀርባሉ። ከዚያ ቡና። ከዚያ «የማን ልጅ ነህ?» ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነ ሲነገር ዘመድ ሆኖ ይገኛል፤ ዘመድ ከሆነ ደግሞ እንደ አዲስ ይበላል። ሰብሳቢያችን የመክፈቻ ንግግሩን ሊያደርግ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሄዶ፣ የተመለሰው ለመዝጊያው ነው።

ድምፅ ማጉያው በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። ፓኔልና ባትሪ ተከራይተን አመጣን። በመስከረም የአረቅጥ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን ናት፤ ትመጣለች ትባላለች፣ ትዘገያለች፣ ለአሥር ደቂቃ ታይታ ሌላ ስብሰባ አለኝ ትላለች። ቢሆንም ባትሪው ከወልቂጤ ተሞልቶ የመጣ ስለሆነ ለሦስት ሰዓት ይበቃል ተብሎ ተሰልቷል። ስሌቱ ትክክል ነበር። የመንደሩ ስልኮች ግን ስሌቱ ውስጥ አልነበሩም። መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር፣ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ሶኬት መኖሩን ያየ የመጀመሪያው ልጅ የአባቱን ስልክ ሰካ። ሁለተኛው ማከፋፈያ አመጣ። ሦስተኛው ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ አሥራ አራት ስልክ፣ ሁለት የእጅ ባትሪና አንድ የፀጉር መላጫ ቆጥሬያለሁ። የጋሼም ስልክ እዚያው ነበረች።

ስለዚህ በሁለተኛው ዘፈን አጋማሽ ማጉያው ተንተፋተፈና ዝም አለ። ኮሚቴው በአንድነት ብድግ አልን። ሰባታችን (ሰብሳቢውና ንብረት ያዡ ሽንት ቤት ነበሩ) ወደ ሽቦው ሮጥን። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ያፏጫል፣ ይበተናል ብዬ ዞር ብዬ ሳይ ማንም ወደ እኛ አይመለከትም። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመድረኩ ፊት የነበርነው እኛው ኮሚቴዎቹ፣ ፎቶ አንሺውና ሁለት ፍየሎች ኖሯል። ሌላው ሰው ከሃምሳ እርምጃ በኋላ፣ ጀፎረው ሰፋ በሚልበት ቦታ፣ የራሱን ክብ ሠርቶ ከጀመረ ቆይቷል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ተደርድረው ያጨበጭባሉ፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ጎረምሶቹ ጎንበስ ብለው እግራቸው እስከማይታይ ድረስ ይረግጣሉ። ማጉያው መሥራቱንም መጥፋቱንም አልሰሙም።

ጭብጨባ ለሌላው ሕዝብ አድናቆት ነው፤ ለእኛ መሣሪያ ነው። ጉራጌ ዘፈን ሲጀምር መጀመሪያ የሚያዘጋጀው እጁን ነው፤ ክራርም ኦርጋንም ኋላ የመጡ እንግዶች ናቸው። እዚያው ጉራጌ ውስጥ በሶዶ ክስታኔ በኩል ከመስቀል በኋላ ወጣቱ ሜዳ ወጥቶ የሚጨፍርበት፣ የሚተያይበትና የሚተጫጭበት አዳብና አለ፤ እሱንም ስፖንሰር አድርጎት የሚያውቅ ኩባንያ አልሰማሁም። ኮሚቴያችን ሽቦውን ለቆ አንድ በአንድ ወደ ክቡ ሾለከ። ገንዘብ ያዡ ብቻ ባትሪው ኪራይ ነው ብሎ ሲጠብቅ አመሸ።

ማታ ላይ ልጁ የቆሻሻ ሪፖርቱን ሊያዘጋጅ ሚዛን ይዞ ወጣ። ለላስቲክ ጠርሙስ ሁለት ትልልቅ በርሜል ቆመው ነበር። ባዶ ናቸው። መጀመሪያ ኮራ። ቀጥሎ ግራ ገባው፤ እኛ ከአዲስ አበባ ብቻ አራት እሽግ ውኃ ይዘን መጥተናልና። የት ገባ? ነገሩ ወዲህ ነው፦ አዲስ አበባ ቆሻሻ የሆነው ጠርሙስ እዚህ «ሃይላንድ» ነው፤ ዕቃ ነው። የፈረደበት የድሮ ውኃ ስም ለጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ልጆቹ ከእጃችን ሳይወርድ ተከታትለው ወስደውታል፤ በማግሥቱ አንዱ ውስጥ ዘይት፣ አንዱ ውስጥ አረቄ፣ አንዱ ውስጥ ወተት አየሁ። በርሜሎቹም በሦስተኛው ቀን መጥፋታቸውን ሰማሁ።

የተረፈን ፌስታል ነበር። ለእሱ ማንም አልተሻማም። እሾህ ላይ፣ አጥር ላይ፣ ሣሩ ላይ ተበትኖ አደረ። በ2017 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ ልጁ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። እየለቀመ የማን እንደሆነ ይመረምር ጀመር። አንዱ የመርካቶ ጫማ ቤት፣ አንዱ የአዲስ አበባ ኬክ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ሎሚ የያዝኩበት የእኔው ነበር። ሠላሳ አንድ ለቀመ። ሠላሳ አንዱም በእኛ መኪና የመጡ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ «የቆሻሻ ምንጭ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምን ልጻፍ ብሎ ሲጠይቀኝ «በይደር ይታለፍ» አልኩት። የኮሚቴ ሰው ሆኛለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ልመለስ ዕቃዬን ስሸክፍ ጋሼ ከውጭ ጮኸ። ስወጣ መድረኩ ፊት ቆሟል። ልጁ «አረንጓዴ ፌስቲቫል» የሚለውን ጽሑፍ ላስቲክ ባነር አላደርግም ብሎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ከኮባ ቆርጦ በቃጫ ገመድ ሰፍቶ ነበር የሰቀለው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር። የእትዬ ላም ጎህ ሲቀድ መጥታ ከግራ በኩል ጀምራለች። ሦስት ፊደል በልታ አራተኛው ጋ ስትደርስ ጋሼ ደርሶባታል። እሷ እያኘከች፣ እሱ ዱላውን እንደያዘ፣ የቀረውን ጽሑፍ አፍጥጦ ያያል።

«ጓዴ ፌስቲቫል» ይላል።

ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ልክ የድሮው የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ፊት ሆኗል።

«እናንተ ልጆች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማንን ነው ጓዴ የምትሉት?»